አዛን ሲል የሚመጣው ሰውዬ

ሰኞ፣ ኅዳር 10

ዛሬም መጣ። በጣቱ ይሁን በእንጨት እንጃ፣ ቆርቆሮውን ጠርርር እያደረገ ከጓሮው ጥግ እስከ ኩሽናው ድረስ ሄደ። ቆመ። ተመለሰ። እኔ ሽንኩርት እየከተፍኩ ነበር፤ ቢላዋውን እንደያዝኩ ደርቄ ቀረሁ።

የመግሪብ አዛን ሲል ጠብቆ ነው የሚመጣው። ሞኝ አይደለም። ረመዳን ከገባ ወዲህ በዚያ ሰዓት ሰፈሩ ጭር ይላል። ሁሉም ቤቱ ገብቶ ያፈጥራል፣ መንገድ ላይ ዶሮ እንኳ አይታይም። ጅሬን ላይ፣ በዚህ በእኛ መስመር የማላፈጥር እኔ ብቻ ነኝ። ረመዳን የገባው ቅዳሜ ነው፤ ሰውዬውም የጀመረው ቅዳሜ ነው።

ቅዳሜና ትናንት ዝም ብሎ ነበር የሄደው። ዛሬ ግን ተናገረ። «ቤቶች!» አለ፣ በጨዋ ድምፅ። ቆየት ብሎ ደግሞ «ቤቶች! ሰው የለም?»

በጓሮ በኩል ማን ቤቶች ይላል? እንግዳ በበር ነው የሚመጣው። እኔስ ምን አደረግኩ? ሮጬ ሬዲዮኑን አጠፋሁት። አሁን ሳስበው በራሴ አፈርኩ። ሬዲዮ ሲጮህ ቆይቶ «ሰው የለም?» ሲባል ቀጥ ካለ፣ ቤቱ ውስጥ የፈራ ሰው አለ ማለት ነው። በገዛ እጄ ነገርኩት።

«ማነው?» ማለት አቃተኝ። ዕድሜዬን ሙሉ ስልክ ቤት ተቀምጬ «ሃሎ፣ ጅማ» ስል የኖርኩ ሴትዮ፣ አፌ ተሳሰረ። ኡኡ ልበል ብዬም አስቤ ነበር። ግን ሰዎቹ ቀኑን ሙሉ ውሃ ሳይቀምሱ ውለው ገና ቴምር አፋቸው ሲያስገቡ እንዴት ብዬ ነው ኡኡ የምለው? ሰውዬው መንገድ የጠፋበት ቢሆንስ? አስቴር አበደች ይላሉ።

ስልኩ ሳሎን አለ። ለማን ልደውል? ልጄ ብሩክ አዲስ አበባ ነው። ጎረቤቶቼ ስልክ የላቸውም። ስልክ ሲመጣላቸው እኔ ቤት ነበር መጥተው የሚያወሩት።

ነበር።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 11

ሌሊቱን አልተኛሁም ማለት ይቻላል። ሲነጋ ደፈር አልኩና ዝግጅት ጀመርኩ።

የበሩ ሰንሰለት ላይ ሁለተኛ ቁልፍ።
ፋሱ ከማገዶ ክምር ወደ አልጋዬ ሥር።
ሚጥሚጣ በስኒ፣ መስኮቱ ላይ። (ነፋሱ ወደ እኔ ከነፈሰ ጉዴ ፈላ።)
የጓሮው አምፖል ተቃጥሏል፤ ወንበር ላይ ወጥቼ መቀየር ፈራሁ። ብወድቅ ማን ያነሳኛል?
የጌታቸው ጫማ።

ጫማውን ያሰብኩት ጠዋት ፊቴን ስታጠብ ነው። ባለቤቴ ካረፈ ባለፈው ወር ዓመት ሞላው። ልብሱን ለድሃ ሰጥቼዋለሁ፤ ያን ጥቁር ጫማውን ግን እንዴት እንደሆነ እንጃ አስቀረሁት። እግሩ ትልቅ ነበር፤ ጅማ ውስጥ ልኩን ፈልገን አጥተን አዲስ አበባ ነበር የምናስመጣው። አቧራውን ጠርጌ፣ ቀለም ቀብቼ፣ ደጃፉ ላይ አወለቀው የሚያስመስል አድርጌ አንዱን ጠመም አድርጌ አስቀመጥኩት። የሚያየው ሁሉ ወንድ ቤት ውስጥ አለ ይበል።

ወደ ማታ ደግሞ አንድ ነገር ጨመርኩ። አዛኑ ሲጀምር ሬዲዮኑን ከፍ አደረግኩና «ጌታቸው! ራት ቀርቧል፣ ና እንጂ!» ብዬ ጮክ አልኩ።

ይሄን ያህል ዘመን በየማታው ስለው የኖርኩት ቃል ነው። ሳላስበው ሁለት ሳህን አውጥቼአለሁ። ከዚያ ጸጥ አለ። መልስ እየጠበቅኩ ኖሯል፣ እኔው ጅሏ። ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። ሰውዬው ይምጣ ይቅር እንኳ አልሰማሁም።

ረቡዕ፣ ኅዳር 12፣ ሚካኤል

ከቤተ ክርስቲያን ተመልሼ ቆሻሻ ማቃጠል ጀመርኩ። ኅዳር ሲታጠን የማላጨስበት ዓመት የለም። ጓሮውን ጠርጌ ስጨርስ፣ በጠራራ ፀሐይ ምን ያስፈራኛል ብዬ በውጭ ዞርኩና የአጥሩን ጀርባ ልጠርግ ሄድኩ።

ከቡናው ተክል ሥር ሣሩ ተኝቷል። ሰው የተቀመጠበት ነው። ቅጠሉ ተለቅሞ የተጣለ የጫት እንጨት አለ፤ የሲጋራ ቁራጭ አለ። ከአጥሩ ሥር ደግሞ ትልቅ ድንጋይ ተንከባሎ መጥቶ ተጠግቷል። ድንጋዩ ላይ ብቆም ቆርቆሮው ደረቴ ላይ ይደርሳል። ቆሜ ለካሁት። የራሴን መስኮት አየሁት። መጋረጃው አጭር ነው፤ አልጋዬ ይታያል።

ሁሉንም ጠርጌ አቃጠልኩት። ድንጋዩን ልገፋው ብዬ አቃተኝ።

ጭሱ ወደ ሃዳ ነጂብ ግቢ ሄደ። ሃዳ ነጂብ ማለት የነጂብ እናት ናት፤ እዚህ ሴት ስትወልድ በልጇ ትጠራለች። እኔንም «ሃዳ ብሩክ» የምትለኝ እሷ ናት። ከቆርቆሮው ወዲያ ስታስል ሰማኋት። ጾመኛ ሰው በጭስ ማሳል! ይቅርታ ልላት አፌን ከፈትኩ። መልሼ ዘጋሁት።

ይሄ ቆርቆሮ ነው ነገሩን ያበላሸው። ድሮ አጥራችን ቀርከሃ ነበር። መሃሉ ላይ ሰው አጎንብሶ የሚያልፍበት ክፍተት ነበረው፤ ማንም አልከፈተውም፣ በመመላለስ ብዛት የተከፈተ ነው። ጨው ሲያልቅብኝ በዚያ፣ እሳት ስትፈልግ በዚያ። ጌታቸው የሞተ ጊዜ መጀመሪያ የደረሰችልኝ በዚያው ሾልካ ነው፣ ነጠላዋ ቀርከሃው ላይ ተቀድዶ። ለሙት ዓመቱ ብሩክ መጣና «እማዬ፣ ብቻሽን ሆነሽ ይሄ አጥር ነው?» ብሎ እኔ ገበያ ስሄድ ሠራተኛ አስመጥቶ ዙሪያውን በቆርቆሮ ዘጋው። ስመለስ ያብረቀርቃል። ልጄ አሰበልኝ ብዬ ደስ ብሎኝ ነበር።

ሃዳ ነጂብ በማግስቱ በዋናው በር ዞራ መጣች። ቆማ አየችው። «ያምራል» አለች። ቁጭ በዪ ስላት ድስት ጥጄአለሁ ብላ ሄደች። ከዚያ ወዲህ ደጄን አልረገጠችም። እኔም አልሄድኩም። አኩርፋለች አልኩ። እኔ ደግሞ ማን ለማን ይለማመጣል አልኩ። በዚህ ዕድሜዬ ኩርፊያ።

ሐሙስ፣ ኅዳር 13

ቀበሌ ሄድኩ። ወንበሩ ላይ የነበረው ልጅ ትሁት ነው፣ ተነስቶ አስቀመጠኝ። «ምን ወሰደ?» አለኝ። ምንም። «አዩት?» ድምፁን ነው የሰማሁት። «ስድብ፣ ዛቻ?» ቤቶች ነው ያለው። ልጁ እስክሪብቶውን አስቀመጠ። «እማማ፣ ቤቶች ያለን ሰው ምን ብለን እንያዘው?» እውነቱን ነው፣ እኔም ብሆን እስቅ ነበር። ጥበቃዎቹን በዚያ በኩል እንዲያልፉ እነግራቸዋለሁ አለኝ። አልፈርድባቸውም፤ እነሱም በዚያ ሰዓት ሾርባቸው ላይ ናቸው።

ከሰዓት በኋላ በሩ ተንኳኳ። ከፍቼ ሳይሆን በስንጥቁ አየሁት። ወጣት ነው፣ አረንጓዴ ጃኬት፣ እግሩ ላይ የተሰነጠቀ የፕላስቲክ ጫማ። «እማማ፣ እንጨት ልፍለጥልዎ?» የሚፈለጥ የለም አልኩ። «ቡና ለቀማም እችላለሁ፤ የጓሮዎ ቡና ቀልቷል።»

ጓሮዬ ቡና እንዳለ በበር በኩል አይታይም።

«አባባ አሉ?» አለኝ ቀጥሎ።

«አሉ፤ ተኝተው ነው» አልኩት። ደጃፉ ላይ ጫማውን አየ፣ በስንጥቁ አንገቱን ዘንበል አድርጎ። «እግዜር ይስጥልኝ» ብሎ ሄደ። ትኅትናው ነው ያስፈራኝ። ደግሞ ምናልባት የተራበ ልጅ ይሆናል፣ በዚህ ወቅት ቡና ለቀማ ፍለጋ የሚመጣው ሰው ብዙ ነው። ድምፁ የዚያ ሰውዬ ነው ልበል? ስልክ ቤት ሳለሁ የሰው ድምፅ አይጠፋኝም ነበር። ዛሬ እርግጠኛ አይደለሁም። ፍርሃት ጆሮም ያደነቁራል እንዴ?

አርብ፣ ኅዳር 14

ጫማው የለም።

ጠዋት በሩን ስከፍት ደጃፉ ባዶ ነው። መጀመሪያ ያስገባሁት መሰለኝ፤ አልጋ ሥር፣ ቁም ሣጥን፣ ኩሽና ፈለግኩ። ከዚያ ጭቃውን አየሁ። ከጓሮ አጥር እስከ ደጃፌ ድረስ የእግር ዱካ። ዘሎ ገብቷል። እኔ ከዚህ በር ወዲህ ተኝቼ እሱ ከበሩ ወዲያ ቆሞ ነበር፤ ከመሃላችን ሳንቃ ብቻ። እዚያ ቆሞ ምን ሲያስብ ነበር?

ወንድ እንደሌለ አወቀ። ወንድ ያለበት ቤት ጫማ እንዲህ አይነሳም። ቀጥሎ የሚወስደው ምን እንደሆነ ማሰብ አልፈልግም።

ቀኑን ሙሉ ቁጭ ብዬ ዋልኩ። ነገ የገና ጾም ይገባል፤ ዛሬ አርብ ስለሆነ ቅበላው ትናንት ማታ ነበር፤ አንድ እንቁላል ጠብሼ ግማሹን ተውኩት።

ብሩክ ዘንድ ልሂድ ብዬ ወሰንኩ። ዓመቱን ሙሉ ነይ አይደል የሚለኝ፣ «ቤቱን ሸጠን እኔ ጋ ትሆኛለሽ» እያለ። በየእሁዱ ይደውላል፤ በየእሁዱ «ደህና ነኝ፣ ምንም አልጎደለኝ» እለዋለሁ። ስለ ሰውዬው ትንፍሽ ያላልኩት ለዚህ ነው። ፈራሁ ካልኩ ቤቴን እንደሸጥኩ ቁጠሩት። ብሩክ ጥሩ ልጅ ነው፤ ግን ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው የሚኖረው፣ ሚስቱም እሱም ጠዋት ወጥተው ማታ ነው የሚገቡት። እዚያ ደግሞ ብቻዬን ግድግዳ ሳይ መዋል ነው። ቢሆንም ግድግዳው ላይ ማንም አይዘልም።

ስልኩን አነሳሁ። ቁጥሩን ግማሽ ድረስ ደወልኩና ዘጋሁት። እሁድ ሲደውል እነግረዋለሁ። ሻንጣውን ከቁም ሣጥን ላይ አወረድኩት። ከፍቼ አየሁት፤ ምን እንደምከት ግራ ገባኝ። የጌታቸውን ፎቶ ከተትኩ። ቆይቼ መልሼ አወጣሁት፤ ዛሬ ማታ ብቻዬን ከሆንኩ እሱም ይኑር ብዬ።

ቅዳሜ፣ ኅዳር 15



አዛን ሊል ሲል ጀምሮ ኩሽና ቆሜ ነበር፣ መብራት ሳላበራ። ገና ብርሃን አለ። ውጭው ጭር ማለት ጀመረ። የሃዳ ነጂብ ቤት ሰዎች ሲጣደፉ፣ ሳህን ሲቀባበሉ ይሰማኛል። አዛኑ ተጀመረ። ቆርቆሮው ጠርር አለ። ዛሬ «ቤቶች» አላለም።

ከዚያ ጣቶች አየሁ። ቆርቆሮው ጫፍ ላይ፣ ጨርቅ የተጠቀለለባቸው ጣቶች። ቀጥሎ አረንጓዴ እጅጌ።

ኡኡ ልል አፌን ከፈትኩ። ምንም አልወጣም። በሕልም ውስጥ ሰው ሲሮጥ እግሩ እንደሚታሰረው። አየር ብቻ። ደግሞ፣ አምላኬ ምስክሬ ነው፣ በዚያች ሰዓት እንኳ «እያፈጠሩ ነው» የሚል ሐሳብ በልቤ አለፈ። ይሉኝታ ሊያስገድለኝ ነበር።

ፋሱ አልጋ ሥር፣ ሚጥሚጣው መስኮት ላይ። እጄ የገባው የሙቀጫው ዘነዘና ነው። ይዤው በበሩ ወጣሁ። ወደ ሰውዬው አልሄድኩም፤ ወደ ሃዳ ነጂብ አጥር ሮጥኩ። ክፍተቱ የነበረበት ቦታ ላይ፣ ቦታውን እግሬ ያውቀዋል፣ ቆርቆሮውን በዘነዘና ደበደብኩት። ያ ቆርቆሮ እንዴት እንደሚጮህ! ሰፈሩ በሙሉ ብረት ሆነ። ስደበድብ፣ ስደበድብ፣ ከጀርባዬ ምን እየመጣ እንደሆነ እንኳ ዞሬ አላየሁም።

«ማሎ! ምንድነው? ሃዳ ብሩክ!» የሚለውን ድምፅዋን ስሰማ ዘነዘናውን ጥዬ እዚያው መሬት ላይ ቁጭ አልኩ። ከዚያ በበሩ በኩል ሰው ጎረፈ። ነጂብ ቀድሞ ደረሰ፤ ሄርማታ ገበያ ጨርቅ የሚሸጠው ልጇ ነው፣ ቆርቆሮ በሩን በትከሻው ገፍቶ ሰንሰለቱን ከነቁልፎቹ በጠሰው። ቴምሩ ገና ጉንጩ ውስጥ ነበር። አባቱ በከዘራ፣ ሌሎቹ ዱላ ይዘው። ሰውዬው ወደ ውጭ ዘሎ በቡናው መሃል ቁልቁል ወረደ። ተከተሉት። አልተያዘም።

ነጂብ ሲመለስ አንድ ጥቁር ጫማ ይዞ መጣ። «ሲሮጥ ከእግሩ ወለቀ፤ የእርስዎ ነው እንዴ?»

የጌታቸው ጫማ ነው፣ የግራው። አድርጎት ነበር የመጣው። ያን እግር ማን ይሞላዋል! ሳቅም ልቅሶም አንድ ላይ መጣብኝ።

ሃዳ ነጂብ መሬት ላይ አጠገቤ ተቀምጣ ውሃ አጠጣችኝ። እሷ ራሷ ገና አልጠጣችም ነበር። ከመቼ ጀምሮ እንደሆነ ስነግራት በንዴት ጭኔን መታችኝ። «ሳምንት ሙሉ! ለምን አልተጣራሽም?»

«እያፈጠራችሁ ነው ብዬ።»

«ወላሂ፣ የጾምነው እህልና ውሃ ነው። ጆሯችንን ማን ጹም አለው?»

 ቆርቆሮውን እያየች፣ «እኔ ደግሞ አንቺ የማልፍበትን የዘጋሽው መስሎኝ ነበር» አለች። «ባሏ ሞተ፣ ልጇ ትልቅ ሰው ሆነ፣ ከእንግዲህ እኛ ምን እናደርግላታለን ብዬ።»

«እኔ ገበያ ሄጄ ነው የታጠረው።»

«አንቺም አልነገርሽኝም።»

አልነገርኳትም። ዛሬ የምተኛው እነሱ ቤት ነው። ይሄን የምጽፈው የሴት ልጇ ክፍል ውስጥ ሆኜ ነው። ከግድግዳው ወዲያ የሰው ማንኮራፋት ይሰማል። ደስ ይላል።

እሁድ፣ ኅዳር 16

ብሩክ ደወለ። ሁሉንም ነገርኩት። መጀመሪያ ተቆጣ፣ ቀጥሎ ድምፁ ተሰበረ። «እማዬ፣ ነገውኑ መጥቼ እወስድሻለሁ።»

አርብ ዕለት ቢሆን እሺ እል ነበር። ሻንጣው ወርዶ ነበር። ዛሬ ግን ስልኩን እንደያዝኩ በመስኮት አየዋለሁ፤ ነጂብ መጥቶ አንዱን ቆርቆሮ እየነቀለ ነው፣ ያንኑ የደበደብኩትን። ተጣምሟል፤ ለሌላ ነገርም አይሆን።

«ምንድነው የሚንኳኳው?» አለ ብሩክ።

«አጥሩን እያስከፈትኩ ነው።»

«ሌባ መጣብኝ እያልሽ አጥር ትከፍቻለሽ?»

«ሌባውማ ዘሎት ገባ፣ ልጄ። መዝለል ያልቻለችው ሃዳ ነጂብ ናት።»

ብዙ ሰው በስልክ ሲያስብ ሰምቻለሁ፤ ልጄ እያሰበ ነበር። ገና እስኪደርስ እንየው፣ ከዚያ በኋላም ከፈራሽ ትመጫለሽ አለኝ። እሺ አልኩት። ውሸት አልነገርኩትም፤ እፈራለሁ። ሰውዬው አልተያዘም። የጌታቸውን ቀኝ ጫማ እግሩ ላይ አድርጎ የሆነ ቦታ ተቀምጧል፤ መስኮቴንም ያውቀዋል። ነጂብ ድንጋዩን ቁልቁል አንከባለለው፣ አምፖሉንም ቀየረልኝ። መጋረጃውን አስረዘምኩት። የቀበሌው ልጅ ዛሬ መጥቶ መዘገበ፤ አሁን የተወሰደ ነገር አለና።

የግራውን ጫማ ደጃፉ ላይ መልሼ ባስቀምጠው ሃዳ ነጂብ በሳቅ ሞተች። «ሌባው ሲያይ ባሏ ባለ አንድ እግር ነው ይላል።» አስገባሁት።

አሥራ ሁለት ሰዓት ሊሆን ነው። ይሄን ኩሽና ተቀምጬ ነው የምጽፈው። ጥይት እንደሚጠብቅ ሰው ጆሮዬ ቆሟል። መንገዱ ጭር አለ። ሻንጣው አሁንም ወለሉ ላይ ነው፤ መልሼ አልሰቀልኩትም።

አዛኑ ጀመረ። ልቤ እንደለመደው ቀጥ አለ። በቆርቆሮው በኩል ኮሽ አለ፣ ነጠላ የሚነካው ዓይነት ድምፅ።

«ሃዳ ብሩክ! ኮቱ፣ ነይ፣ ሾርባው ቅቤ የለውም፣ የጾም ነው!»

«አቤት!» አልኩ። ድምፄ ወጣ።